ማዕከል የሆነው የትኛው ሰው ነው? «ሰውን ማዕከል ያደረገ» በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው አንድን ሐረግ ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የወጡ መመሪያዎች፣ ሕጎችና የኩባንያ መግለጫዎች አብዛኞቹ «ሰውን ማዕከል ያደረገ» የሚለውን ቅጽል በግንባራቸው ለጥፈው ብቅ ብለዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን ያቋቋመው የባለሙያዎች ጓድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ ከዘረዘራቸው 7 መሥፈርቶች መካከል በቅድሚያ ያስቀመጠው የሰውን ወሳኝነትና ተቆጣጣሪነት ነው። የዩኔስኮ 193 አባል አገሮች በኖቬምበር 2021 ያጸደቁት የሥነ ምግባር ምክረ ሐሳብም የሰውን ልጅ ክብር መሠረቱ አድርጓል። ሰውን ማዕከል ማድረግን እቃወማለሁ የሚል እስካሁን አላጋጠመንም። ሻጭም ገዢም፣ ዲሞክራትም አምባገነንም በአንድነት የሚያጨበጭቡለት ቃል ግን ይዘቱ ሊፈተሽ ይገባዋል። በእኛ ትውልድ ዕድሜ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ምን እንደ ተደረገ ያየን ሰዎች ይህን ለመጠየቅ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነን። ስለዚህ ጥያቄያችን አጭር ነው፤ ማዕከል የሆነው የትኛው ሰው ነው?

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት ስለ ስያሜው አንድ ነገር ጣል አድርገን እንለፍ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው አጠራር በጋዜጣውም በሬዲዮውም ሥር ስለ ሰደደ እኛም እንጠቀምበታለን። ነገር ግን ትርጉሙ ከባዕዱ ቃል ይልቅ ቸር ነው። በአማርኛ አስተዋይ የምንለው ፈጥኖ የሚያሰላውን ወይም ብዙ ያነበበውን ሳይሆን፣ የሚናገረው ነገር በማን ላይ ምን እንደሚያስከትል ቆም ብሎ የሚመለከተውን ሰው ነው። ገና ስም ስናወጣ ለማሽኑ የሌለውን ጠባይ ሰጥተነዋል ማለት ነው።

ሐረጉ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩንም የሚጠቅሱት ጥቂቶች ናቸው። ሰውን ማዕከል ስላደረገ ቴክኖሎጂ ቀደም ብለው ከተናገሩት አንዱ ማይክ ኩሊ የተባለ አየርላንዳዊ መሐንዲስ ነበር። ኩሊ በእንግሊዝ አገር ሉካስ ኤሮስፔስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ የንድፍ ባለሙያና የሠራተኛ ማኅበር መሪ ሳለ፣ ሠራተኞቹ ከሥራ መባረር በተደቀነባቸው ጊዜ እርሱና ጓደኞቹ በ1976 አንድ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ ኩባንያው ከጦር መሣሪያ ይልቅ ሊያመርታቸው የሚችላቸውን 150 ያህል ዕቃዎች የሚዘረዝር ሲሆን፣ ከእነርሱም ውስጥ የኩላሊት ማጠቢያ መሣሪያ ይገኝበት ነበር። የኩባንያው አስተዳደር ዕቅዱን አልተቀበለውም፤ ኩሊም በ1981 ከሥራው ተባረረ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባሳተመው «አርክቴክት ወይስ ንብ?» በተሰኘው መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ማሽኑ የሠራተኛውን ሙያ አብሮት እንዲያድግ ያደርጋል ወይስ ከእጁ ነጥቆ ሠራተኛውን የማሽኑ አገልጋይ ያደርገዋል የሚል ነበር። በኩሊ አነጋገር «ሰው» ማለት ቴክኖሎጂው በላዩ ላይ የሚወርድበት ሰው ማለት ነበር እንጂ ቴክኖሎጂውን የሚገዛው ማለት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሐረጉ ባለቤቱን ለወጠ። በ1986 ዶናልድ ኖርማንና ስቴፈን ድሬፐር ያዘጋጁት መጽሐፍ «ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ» ንድፍ የሚለውን አነጋገር በኮምፒውተር ሠሪዎች ዘንድ አስፋፋ። በ1999 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣው ደረጃ በርእሱ «ሰውን ማዕከል ያደረገ» ቢልም በውስጡ የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ተጠቃሚው ነበር። ይህን የተካው የ2010ሩ ደረጃ በቅንነት ያመነው ነገር አለ፤ «ሰው» የሚለውን ቃል የመረጠው ከተጠቃሚው ሌላ የሚነኩ ወገኖችንም ለማካተት መሆኑን ገልጾ፣ በተግባር ግን ሁለቱ ቃላት እንደ አንድ እንደሚወሰዱ ይናገራል። እንግዲህ ሰው በሩብ ምእተ ዓመት ውስጥ ተጠቃሚ ሆነ። ሌላው ሁሉ «የሚመለከታቸው ወገኖች» በሚለው ጆንያ ውስጥ ተከተተ።

ይህ የቃላት ሰንጠቃ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ ለእኛ ለስደተኞች ቅርብ ወደ ሆነው ቦታ እንውሰደው፤ ወደ ጥገኝነት መጠየቂያው ጠረጴዛ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ማሽን ቢቀመጥ ተጠቃሚው ማን ነው? መርማሪው ነው። ማሽኑ ሥራውን የሚያቀልለት ለመርማሪው ነው፤ ክፍያውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ «ተመችቶሃል ወይ» ተብሎ የሚጠየቀውም መርማሪው ነው። ጥገኝነት ጠያቂው ተጠቃሚ አይደለም። የማሽኑ ግብአት ነው። ስለዚህ ንድፉ በተጠቃሚው ዙሪያ ይበልጥ በተሟላ ቁጥር ከስደተኛው ይበልጥ ሊርቅ ይችላል፤ የንድፍ መርሑም አንዳች ሳይጣስ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ድርጅት በሴፕቴምበር 2019 እንዳጋለጠው፣ የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት የውስጥ መመሪያ ስደተኞች በባዕድ ቋንቋ የጻፏቸውን የማኅበራዊ መገናኛ መልእክቶች ለሚመረምሩ ሠራተኞች ነፃ የኢንተርኔት መተርጐሚያዎችን እንዲጠቀሙ ይመክር ነበር። ጎግል ራሱ መሣሪያው የሰው ተርጓሚን ለመተካት የታሰበ አለመሆኑን ተናግሯል። ሠሪው ለዚህ አይሆንም የሚለው ዕቃ ለዚሁ ሲውል፣ በመካከል የቀረው ስደተኛ ምን እንደ ተተረጐመበት እንኳ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንግባ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። አማርኛን ጎግል በመተርጐሚያው ውስጥ ያስገባው በፌብሩዋሪ 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ የማሽን ትርጉም መሻሻሉን መካድ ሐሰተኛነት ይሆናል። የምንናገረው ግን ስለ ማሽኑ ጉብዝና ሳይሆን ስለ ቋንቋው ጠባይ ነው። አንድ ሰው ለባለሥልጣን በጻፈው ቃል ውስጥ «ሁለት ዓመት አሰሩኝ» ቢል፣ በእስር ቤት አቆዩኝ ማለቱ ነው። «ሁለት ዓመት አሠሩኝ» ቢል ደግሞ ሥራ አሠሩኝ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው የጥገኝነት መሠረት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የሥራ ልምድ ነው። በንባብ የሚለያቸው አንዱ ላልቶ ሌላው ጠብቆ መነበቡ ነው፤ በጽሕፈት የሚለያቸው ሰና ሠ ብቻ ነው። መጥበቅና መላላትን ፊደላችን አይጽፈውም። ሰንና ሠን ለይቶ መጻፍም ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቶ የማያውቅ ልማድ ሆኗል ብንል ብዙ አላጋነንም፤ አብዛኛው ጸሐፊ እጁ እንደመራው ይጽፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። «በጣቢያው ውስጥ ሌሊት ሌሊት እመታ ነበር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ቀስ ብሎ ያንብበው። ጠብቆ ሲነበብ ተናጋሪው ተደብዳቢ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ደብዳቢ ነው። በጽሑፉ ላይ አንዲት ነጥብ ልዩነት የለም። በዓለም አቀፉ የስደተኞች ሕግም ሆነ በአሜሪካ ሕግ ሌላውን ያሠቃየ ሰው ከጥገኝነት መብት ሊወጣ ስለሚችል፣ በዚህች ባልተጻፈች መጥበቅ ላይ የተንጠለጠለው የአንድ ሰው ዕጣ ነው። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግራ ቢገባው ቀና ብሎ «ማን ነው የመታ?» ብሎ ይጠይቃል። ማሽኑ ሳይጠይቅ አንዱን ይመርጣል፤ የመረጠውንም ምርጫ መስሎ ሳይታይ በጠራ እንግሊዝኛ ያቀርበዋል። የእንግሊዝኛው ጥራት ራሱ አሳሳች ነው። የተንጋደደ ትርጉም አንባቢውን ያስጠነቅቀዋል፤ ያማረ ስሕተት ግን እንደ እውነት ይመዘገባል።

በዚህ ረገድ የራሳችንንም ወገን ሳንነካ ማለፍ አይገባንም። በአማርኛ የኮምፒውተር ጥናት ውስጥ የተለመደ የመጀመሪያ እርምጃ አለ፤ ጽሑፉ ለማሽኑ ከመሰጠቱ በፊት ሀን፣ ሐንና ኀን ወደ አንድ፣ ሰንና ሠን ወደ አንድ፣ አንና ዐን ወደ አንድ፣ ጸንና ፀን ወደ አንድ ማጠቃለል። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ አንድ ቃል በአራት ዐይነት አጻጻፍ ከመጣ ማሽኑ አራት ቃል ይመስለዋል፤ ያለን ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነም ያንን መበታተን አይችልም። ሆኖም የነገሩን ምጸት ልብ ይሏል። ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንበር ይዞ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አንዱ የሠራው የአማርኛ ጽሑፍ በሌላው ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ዝብርቅርቅ እንደሚሆን፣ በውጭ አገር መጽሔት ያዘጋጀ ሁሉ ያውቀዋል። ሠ በብዙ ድካም ያገኘውን ወንበር ማሽን አስተማሪዎቹ በአንድ መሥመር ትእዛዝ ወሰዱበት። «አሰሩኝ»ና «አሠሩኝ»ን ለይቶ የጻፈ ጥንቁቅ ሰው ቢገኝ እንኳ ጥንቃቄው ማሽኑ ዘንድ ሳይደርስ ተፍቆ ይቀራል። ይህ ቴክኒካዊ ውሳኔ ተብሎ የሚታለፍ ነው፤ እኛ ግን የሥነ ምግባር ውሳኔ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ማን ዋጋውን እንደሚከፍል ሳይጠየቅ የተወሰነ ነው።

ሌሎቹን ጕዳዮች በአጭሩ እንለፋቸው። «መስከረም 5» ወደ ሴፕቴምበር 5 ሲተረጐም 10 ቀን ይጎድላል፤ ዓመቱም በ7 ወይም በ8 ይዛባል፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሌሊት 9 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። በጥገኝነት ምርመራ ውስጥ የቀን አለመጣጣም የሚወሰደው እንደ አቆጣጠር ልዩነት ሳይሆን እንደ ውሸት ነው። የእንግሊዝኛው «ዩ» ደግሞ ፆታም ዕድሜም የለውም፤ አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይል አንዲት ግሥ አይወጣውም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ሠሪ ተጠቃሚው ፊት የሌለው ሰው ነው፤ በእኛ ቋንቋ ፊት የሌለውን ሰው ማናገር አይቻልም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ከሆስፒታል የመጣላቸው ወረቀት «መድኃኒትህን ውሰድ» ብሎ ቢነበብላቸው መሳቃቸው አይቀርም፤ ቀጥለው ግን ወረቀቱ ለእኔ ነው ወይስ ለሌላ ሰው ብለው ቢጠይቁ ተሳሳቱ አይባልም።

የሆስፒታሉን ካነሣን አይቀር፣ የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት በሜይ 2024 ባወጣው ደንብ ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን በሚተረጐምበት ጊዜ ብቃት ያለው ሰው ተርጓሚ እንዲያየው አዝዟል። ጥሩ ደንብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኦገስት 2024 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሕግም የጥገኝነት ማመልከቻን ለመመርመር የሚያግዙ መሣሪያዎችን በከፍተኛ አደጋ ረድፍ አስቀምጦ የሰው ቁጥጥር እንዲኖርባቸው ያስገድዳል። ነገር ግን እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ተመልሶ ይመጣል። ተቆጣጣሪው ሰው መርማሪው ከሆነና መርማሪው አማርኛ የማያውቅ ከሆነ፣ የሚቆጣጠረው ምኑን ነው? በማያነበው ጽሑፍ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ማኅተም መቺ እንጂ ተቆጣጣሪ ሊባል አይችልም።

ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ድምፅም ወደዚህ ገብቷል። የጀርመን የስደተኞች መሥሪያ ቤት ከ2017 ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎች በስልክ የሚናገሩትን ቀድቶ የአረብኛቸውን ዘዬ በማሽን እየለየ ከየት አገር መምጣታቸውን ለመገመት ሞክሯል። የእኛን ሰዎች በዚህ ሚዛን ላይ እናስብ። እናቱ ከጎንደር፣ አባቱ ከአሥመራ፣ እርሱ ካርቱም ተወልዶ ናይሮቢ ያደገ ልጅ፣ ንግግሩ የየት አገር ነው? ድምፁ የሚመሰክረው ያሳደጉትን ጎረቤቶች ነው እንጂ የሸሸውን ባለሥልጣን አይደለም።

ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ስደተኛን እንጥራ። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1923 በርሊን ተወልዶ፣ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1936 በ13 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። በኤም.አይ.ቲ. መምህር ሳለ በ1966 ይፋ ያደረገው ኢላይዛ የተሰኘው ፕሮግራም የሰውን ቃል መልሶ በጥያቄ መልክ የሚያቀርብ ቀላል ነገር ነበር። ዋይዘንባውምን ያስደነገጠው የፕሮግራሙ ችሎታ ሳይሆን የሰዎቹ አቀባበል ነው፤ ፕሮግራሙ እንዴት እንደ ተሠራ የምታውቅ ጸሐፊው እንኳ ከማሽኑ ጋር በምትጨዋወትበት ጊዜ ክፍሉን ለቅቆ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ከ10 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ የደረሰበት ድምዳሜ በዘመኑ የሙያ ባልደረቦቹን አስቆጥቷል። ጥያቄው ማሽን መፍረድ ይችላል ወይ የሚል አይደለም፤ ቢችልስ ልናስፈርደው ይገባል ወይ የሚል ነው። ማስላትና መምረጥ የተለያዩ ናቸው፤ መምረጥ ኖሮ ያየ ሰው ሥራ ነው ይላል። መንግሥት ሰዎችን በመዝገብ ለይቶ ሲያሳድድ በልጅነቱ ያየ ሰው እንዲህ ማለቱ አይደንቀንም። በዛሬዎቹ መመሪያዎች ውስጥ የጎደለው ይህ የዋይዘንባውም «አይሆንም» ነው። መመሪያዎቹ በአብዛኛው የሚነግሩን እንዴት በጨዋነት እንደሚሠራ ነው፤ የአውሮፓው ሕግ ጥቂት ክልከላዎችን ቢደነግግም የጥገኝነቱን ምርመራ ግን ከፈቀዳቸው ጋር ደምሮታል።

በእኛ ላይ ሊቀርብ የሚችለውን ተቃውሞ በቅንነት እንየው። ሰው ተርጓሚስ መልአክ ነው ወይ? አይደለም። በየስደቱ አገር የሚነገረውን የምናውቀው ነው። ተርጓሚው የሌላ ብሔረሰብ ወይም የሌላ ፓርቲ ሰው ሆኖ ቃሉን ያጣመመበት አለ፤ ሴቲቱ የደረሰባትን ነውር በቤተ ክርስቲያን ከሚያውቃት ሰው ፊት መናገር አፍራ የደበቀችበትና በኋላም በመደበቋ እንደ ውሸታም የተቆጠረችበት አለ። ወሬ የማያወጣና ወገን የሌለው ማሽን ለእንዲህ ያለችው ሴት መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያጣጥል ክርክር እኛ አናቀርብም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሰው ተርጓሚ ይምላል፤ ሲሳሳት ተጠርቶ ይጠየቃል፤ ጠበቃው «ይህ ቃል ሁለት ትርጉም የለውምን?» ብሎ ሊያፋጥጠው ይችላል። በአገራችን የጥንት ሙግት በላ ልበልሃ ሲባል ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው የሚተላለፉት ቃል ሁለቱም የሰሙት ቃል ነበር። ማሽኑን የሚያስምለው የለም፤ ከማሽኑ ጀርባ ያለው ኩባንያም ለመሥሪያ ቤቱ እንጂ ለስደተኛው በምንም ውል አልታሰረም።

ታዲያ ሰውን በእውነት ማዕከል ያደረገ ንድፍ ምን ይመስላል? አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገንም። በጀርመን የጥገኝነት ቃለ መጠይቅ ሲያልቅ መዝገቡ ለተናጋሪው በራሱ ቋንቋ ተመልሶ ይነበባል፤ ይህ አይደለም ያልኩት ካለ ይታረማል። ማሽኑም ይህንኑ ማድረግ አለበት። ወደ እንግሊዝኛ ያዞረውን መልሶ በአማርኛ ለስደተኛው ድምፅ አውጥቶ ያንብብለት፤ «ሌሊት ሌሊት ሰው ትደበድብ ነበር ብዬ ጽፌአለሁ፤ ልክ ነው?» ይበለው። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲያጋጥመው አንዱን መርጦ ከማለፍ ይልቅ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያሳይ፤ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ ይመዝግብ። ዋናው የአማርኛ ጽሑፍ ሳይጠቃለል፣ ሠም በሠነቱ፣ ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ለጠበቃው ይድረስ። ይህ ሁሉ ዛሬ በእጅ ባለው ዕውቀት ሊሠራ የሚችል ነው። ሳይሠራ የቀረው ተጠቃሚው፣ ማለትም መርማሪው፣ ስላልጠየቀው ነው። እርሱን ያዘገየዋልና።

ከዚህ ቀጥሎ በእኛ መካከል ራሱ ክርክር የሚያስነሣ ጕዳይ አለ። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ማሽኑ የሚሳሳተው የአማርኛ ጽሑፍ ስላነሰው ነው፤ ስለዚህ በየማኅበሩና በየጠበቃው ቤት የተከማቹትን የስደተኞች ቃሎች ስማቸውን አጥፍተን እንስጠው ይላሉ። ችግሩን መረዳታቸው ትክክል ነው፤ መድኃኒቱን ግን አንቀበለውም። ስም ቢጠፋም አንድ ሰው ከየትኛው ቀበሌ በየትኛው ወር እንደ ተያዘ የሚናገር ታሪክ ለሚያውቀው ሰው ስም ማለት ነው፤ ቤተሰቡም አገር ቤት ነው። ደግሞም ለመተርጐም የተሰጠው ጽሑፍ ነገ የጥገኝነት ታሪኮችን እያመሳሰለ «ይህ ከሌላ ሰው የተቀዳ ነው» ለሚል ማሽን መማሪያ እንዳይሆን የሚከለክል ውል እስካሁን ማንም አላሳየንም። ሌላ መንገድ አለ። የቋንቋ መምህራንና የልምድ ተርጓሚዎች ተሰብስበው፣ ከማንም ሕይወት ሳይቀዱ፣ እንደ «አሰሩኝ» እና እንደ «እመታ ነበር» ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከነመጥበቃቸውና ከነመላላታቸው፣ ከነቀን አቆጣጠራቸው፣ ከነአክብሮት አነጋገራቸው አዲስ ጽፈው ያዘጋጁ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ባለቤትነቱም ለማሽን ሠሪው ሳይሆን ላዘጋጁት መምህራንና ተርጓሚዎች እንዲሆን፣ ከመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር በፊት በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል።